እልልታው ቀደመን

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው። ልጁ በጭንቅላቱ መጣ፣ ብዙም ሳያስቸግር ወጣ፣ ወዲያው አለቀሰ። ለቅሶውን የሰሙት አያቱ ከበሩ ውጭ እልልታውን አቀለጡት። ጥበቃው ሳይቀር «ማርያም ማረቻት! ማርያም ማረቻት!» እያለ ግቢውን ዞረ። እኔም በሆዴ ተመስገን አልኩ። የመንዝ ብርድ እግሬን አደንዝዞታል፤ ከምሳ በኋላ እህል አልቀመስኩም። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የታየኝ ሻይ ብቻ ነበር።

አብራኝ ተረኛ የነበረችው ሲስተር መርፌውን ቀድታ ጨርሳለች። 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን። እጇ ወደ እናትየዋ ጭን እየሄደ ነው።

«ቆይ!»

«ምነው?»

«ሆዷን ልዳብስ።»

ልጅ የወጣለት ማህፀን ወደ እምብርት ወርዶ፣ ጠንከር ብሎ ነው የሚገኘው። የእሷ ግን ከእምብርቷ በላይ ቁጭ ብሏል። ቅርጹም ወደ ጎን የሰፋ ነው። በቀኝ ጎኗ በኩል ክብ፣ ጠንካራ ነገር እጄ ውስጥ ገባ። ጭንቅላት!

ሲስተር ፊቴን አየች። መርፌውን ቀስ አድርጋ ትሪው ላይ መለሰችው። ሁለታችንም ምንም አላልንም፣ እናትየዋ ግን ገባት።

«ምንድን ነው? ሌላ አለ እንዴ?»

«አለ እህቴ። አንድ ቀርቷል።»

«ወይ ጉዴ!» ብላ ሳቀች። እውነቴን ነው፣ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም።

መንዝ ውስጥ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዷ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነበርኩ። ብዙ ልጅ ተቀብያለሁ። መንታም አዋልጃለሁ። ሰዎች ስለ መንታ ሲጠይቁኝ ግን ሁልጊዜ የምነግራቸው ስለዚያች ሌሊት ነው። የመጀመሪያው ልጅ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው እስኪመጣ ስላለችው ጊዜ። ቤቱ ሁሉ አለቀ ብሎ ትከሻውን የሚያወርድባት ጊዜ ናት። ሁለተኛው ልጅ ደግሞ ገና ምጡን መጀመሩ ነው።

ስለ መርፌው ልንገራችሁ። ኦክሲቶሲን ልጅ ከወጣ በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይወጋል። ማህፀን ይኮማተራል፣ የእንግዴ ልጁ ይላቀቃል፣ ደሙ ይቆማል። በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት በሚወለዱ 100,000 ልጆች 871 እናቶች እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። የ2016ቱ ጥናት 412 አለ። ብዙ ነገር ተደምሮ ነው የወረደው። ይቺ መርፌም ከድምሩ ውስጥ አለችበት ብዬ አምናለሁ፣ ስለዚህ ማንም እንዲያጣጥልብኝ አልፈልግም።

ነገሩ፣ እጃችን በጣም ለመዳት። ልጅ ወጣ፣ ተወጋ። በመሃል ያለችው «ሌላ ልጅ እንደሌለ ሆዷን ዳብሰሽ አረጋግጪ» የምትለው መስመር ሌሊት ላይ፣ ድካም ላይ፣ እልልታ ላይ ትዘለላለች። ሌላ ልጅ ውስጥ እያለ ከተወጋ ደግሞ ማህፀኑ በልጁ ላይ ይጨመቃል። ልጁ የሚተነፍሰው በእናቱ ደም ነው፤ ማህፀን ተጨምቆ ካልለቀቀ ያ ደም አይደርሰውም። የእንግዴ ልጁም እሱ ሳይወጣ ሊላቀቅ ይችላል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም ያወቅሁት። ተማሪ ሆኜ ለልምምድ የተላክሁበት ቦታ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ሌሊት ነው። አንዷ እናት ወለደች። «ውጊያት» ተባልኩ። ወጋኋት። ትንሽ ቆይቶ የእንግዴ ልጁን ለማውጣት እትብቱን የያዘችው አዋላጅ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ሆዷ ላይ እጇን አሳረፈች። ከዚያ በኋላ ሩጫ ሆነ። ሁለተኛው ልጅ ወጣ፣ ግን አልተነፈሰም። ጠዋት ላይ የፈረቃ ኃላፊውን ምን አጠፋን ብዬ ስጠይቀው «ያጋጥማል» አለኝ። አለቀ። ማንም ቁጭ ብሎ የት ጋ ተሳሳትን አላለም፣ መዝገቡ ላይም ሞቶ ተወለደ ተብሎ ተጻፈ። ያንን መርፌ ማን ወጋው ብትሉኝ፣ እኔ ነኝ። «ያጋጥማል» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታ ላይ መስማት አልወድም።

ወደ መንዟ እናት ልመለስ። አንድ አንባቢ «ዘጠኝ ወር ሙሉ መንታ መሆኑ እንዴት አይታወቅም?» ይላል። ከተማ ላይ ሆኖ ለሚያነብ እውነት ግራ ያጋባል። ለእርግዝና ክትትል የመጣችው ሁለቴ ብቻ ነው። መንገዱ የሦስት ሰዓት ቁልቁለትና አቀበት ነው። አልትራሳውንድ አልነበረንም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ ይታይ ብሎ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ምክሩ ጄኔቫ ተጽፎ መሣሪያው መንዝ እስኪደርስ ዓመታት መሄዳቸው ያው የታወቀ ነው። በሜትር የተለካው ሆዷ ከወሩ በለጥ ይል ነበር። ግን የመጨረሻ ወር አበባዋን ቀን በትክክል አታውቀውም። «ከፍልሰታ ጾም በፊት» ነው ያለችው። እኛም ቀኑ ተሳስቷል ብለን ጻፍን። ሆዷ የገዘፈው ወንድ ስለሆነ ነው ያሏት ጎረቤቶቿም ቢሆኑ ግማሹን አውቀዋል።

አሁን ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የተደረገው ምንም የማይመስል ነገር ነው። የመጀመሪያውን ልጅ እትብት በእናትየዋ በኩል ደህና አድርጌ ቋጠርኩ። ሁለቱ በአንድ የእንግዴ ልጅ የሚጠቀሙ ከሆነ የውስጠኛው ልጅ ደም በወንድሙ እትብት ሊፈስ ይችላል። እትብቱን መጎተትማ የማይታሰብ ነው። አንድ ክር አሰርኩበት። ለሚቀጥለው ሁለት ክር ይታሰራል፣ በኋላ የማን የቱ እንደሆነ ለማወቅ።

ክር ባሰርኩ ቁጥር የመጽሐፍ ቅዱሷ ትዕማር መንታዎች ትዝ ይሉኛል። አያቴ ነበረች የምትነግረን። አንደኛው ልጅ እጁን አወጣ፣ አዋላጂቱ ይሄ መጀመሪያ ወጣ ብላ ቀይ ክር አሰረችለት፣ እሱ ግን እጁን መልሶ አስገባና ወንድሙ ፋሬስ ቀድሞት ወጣ። ልጅ ሆኜ ስሰማው ያስቀኝ ነበር። አዋላጅ ከሆንኩ በኋላ ሳስበው ግን ላብ ያጠምቀኛል። እጅ ቀድሞ ወጣ ማለት ልጁ አግድም ተኝቷል ማለት ነዋ! ያቺ አዋላጅ ያንን ልጅ እንዴት አድርጋ እንደተቀበለችው ማንም አልጻፈልንም። ክሩን ብቻ ጻፉ።

የእኛም ልጅ አግድም ነበር። ጭንቅላቱ በቀኝ ጎኗ፣ መቀመጫው በግራ። የልብ ምቱን ሰማን፣ 142። ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው። ጓንት ቀይሬ በውስጥ አየሁ። የማህፀን በር ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። የሁለተኛው የእንሽርት ከረጢት አልፈሰሰም፣ ከኋላው ግን ምንም አካል አይነካም። ባዶ ነው። ይሄኔ ከረጢቱን አፍርሶ ቶሎ ለመጨረስ የሚፈልግ እጅ ይኖራል፣ እኔም አለኝ። አይነካም። ጭንቅላት ወይ መቀመጫ መውጫውን ሳይደፍነው ውኃው ከፈሰሰ እትብቱ ከውኃው ጋር ቀድሞ ሊወርድ ይችላል፣ ልጁም በሰውነቱ ተጭኖ አንቆ ይይዘዋል። ውኃው እስካለ ድረስ ደግሞ ልጁ ይዞራል። ያቺ ከረጢት ዕድላችን ናት።

አምቡላንስ ደወልን። ሌላ ቀበሌ ምጥ የያዛት እናት ሊያነሳ ሄዷል፣ ሁለት ሰዓት ሳይፈጅ አይደርስም። ሆስፒታል ያለው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጋር ደወልኩ። እነዚህ ልጆች ሐኪም በማይበቃበት ቦታ ኦፕራሲዮን እንዲሠሩ የሠለጠኑ ናቸው፤ እናት ሲያድኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእንቅልፉ ነቅቶ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ልቡ እንዴት ነው? ከረጢቱ አለ? ደም አለ? ከዚያ «ከውጭ አዙሪው። እምቢ ካለ በውስጥ እጅሽን እንዳታስገቢ፣ ላኪልኝ» አለ።

በውስጥ ያለው ነገር እጅን ማህፀን ውስጥ አስገብቶ የልጁን እግር ይዞ ማዞር ነው። አዲስ አይደለም፣ አምብሯዝ ፓሬ የሚባል ፈረንሳዊ የቀዶ ሐኪም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎበታል። የሠለጠነ እጅ፣ ዘና ያለ ማህፀንና ኦፕራሲዮን ክፍል በቅርብ ካለ ዛሬም ልጅ ያድናል። ያ ሁሉ በሌለበት ግን ማህፀን ይቀደዳል። እኔ ደግሞ ያለሁት ጉም በሸፈነው ጋራ ላይ፣ ጄኔሬተር እያንኮራፋ ነው።

ከውጭ ጀመርኩ። አንድ እጅ ጭንቅላቱ ላይ፣ አንድ እጅ መቀመጫው ላይ። ምጡ ጋብ ሲል ቀስ እያልኩ መግፋት፣ ሲመጣ ማቆም። የመጀመሪያው ልጅ ስለወጣ ሆዷ ላላ ብሏል፣ ሥራው የሚቻለውም ለዚህ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ላመጣው ፈለግሁ። እሱ ወደ ላይ መሄድ ፈለገ። ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ መቀመጫው ወደ ታች ወረደ፣ ጭንቅላቱ ከጎድን አጥንቷ ሥር ገባ። እሺ፣ እንዳልክ። ቁመቱን እስከያዘልኝ ድረስ በየትም ይምጣ። ሲስተር ሁለት እጇን በሆዷ ግራና ቀኝ አድርጋ እንዳይመለስ ያዘችው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደያዘችው ነው። መንታ ሲወለድ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል የሚባለው ለወረቀት አይደለም።

ከዚያ ምጡ ጠፋ።

ይቺ ናት የምታስቸግረው። ማህፀኑ ደክሞታል፣ ያርፋል። ሰዓቱ ግን አያርፍም። እኔ የተማርኩት በ30 ደቂቃ ሁለተኛው ልጅ መውጣት አለበት ተብሎ ነው። ልማዱ የልጁን ልብ በየጊዜው መከታተል በማይቻልበት ዘመን የመጣ ነው። አሁን ልቡ ደህና እየመታ፣ ደም ሳይኖር፣ ልጁ እየወረደ ከሆነ ሰዓቱ ብቻውን አይፈርድም ይባላል። ለአእምሮ ይገባል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ስታይ ግን ሌላ ነው! ልብ አዳምጣለሁ፣ ሰዓት አያለሁ፣ ልብ አዳምጣለሁ። 138። 140። 134። ኦክሲቶሲኑን ጉሉኮስ ውስጥ በጠብታ ልንሰጣት አዘጋጀን። ልጁ ቁመቱን ስለያዘ አሁን በጠብታ፣ በልክ፣ እያዩ ይቻላል። ከቅድሙ የጭን መርፌ ጋር አንድ አይደለም።

ጠብታውን ሳልከፍት አያቲቱ በሩን ገፍተው ገቡ። ማንም አላስቆማቸውም። ባና ተከናንበዋል። ነገሩን አዩና «ልጄ፣ የመጀመሪያውን ለምን አታጠባም?» አሉኝ።

አፈርኩ። አውቀዋለሁ እኮ። ልጅ ጡት ሲጠባ የእናት ሰውነት የራሱን ኦክሲቶሲን ይለቃል። በፍርሃት ረስቼዋለሁ። ልጁን ደረቷ ላይ አደረግነው፣ ባናውን ከላይ ደረብንበት። ፈላለገና ያዘ። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ፊቷ ተጨማደደ። ምጡ መጣ።

የቀረው በፍጥነት ሆነ። ከረጢቱ ወደ ታች አበጠ፣ ራሱ ፈረሰ። ወዲያው በጣቴ ፈለግሁ፣ እትብት የለም። ልብ፣ 118። ጣቴን አንድ ትንሽ ነገር ነካት። እጅ ነው እግር? ልቤ ቆመ። ተረከዝ አገኘሁ። እግር ነው!

በእግር የሚመጣ ልጅ ላይ ትልቁ ሥራ የራስን እጅ መሰብሰብ ነው። ከጎተትሽው ክንዶቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ አገጩ ይቃናል፣ ጭንቅላቱ ይያዛል። እናቱ ታምጥ፣ አንቺ ቁሚ። እግሮቹ፣ መቀመጫው፣ እምብርቱ፣ ሁሉም በእሷ ግፊት ወጡ። በደረቅ ጨርቅ ዳሌውን ያዝኩ። አንዱ ክንድ ራሱ ወረደ፤ ሌላውን ልጁን ቀስ ብዬ በማዞር አወጣሁት። ከዚያ ክንዴ ላይ ፈረስ እንደተቀመጠ ሰው አስተኛሁት፣ ሁለት ጣቴን ጉንጮቹ ላይ፣ ሌላው እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ አንገቱን ደፋ አደረግሁት። ሲስተር ከላይ ጫን አለች። ጭንቅላቱ ወጣ።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት። በመካከላቸው 36 ደቂቃ።

አላለቀሰም። ልፍስፍስ ብሏል። ማድረቅ፣ ጀርባውን ማሸት፣ ምንም። አምቡ ባጉን፣ አየር የሚነፋበትን ከረጢት፣ አፍና አፍንጫው ላይ አደረግሁ። የመጀመሪያዋን ደቂቃ እኛ ወርቃማ ደቂቃ እንላታለን። እየቆጠርኩ ነፋሁ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ያ የተማሪነቴ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ጥጉ ጋ የቆመ መሰለኝ። ስንት ጊዜ እንደነፋሁ አላስታውስም። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ሲጢጥ አለ። ደገመ። ከዚያማ ቤቱን አቀለጠው።

ሲስተር መርፌውን ከትሪው አነሳች። አሁንም አልቸኮለችም፣ ሆዷን ዳበሰች፣ ከዚያ ወጋች። የእንግዴ ልጁ ወጣ። ሁለት ልጅ የለጠጠው ማህፀን ግን ቶሎ አይሰበሰብም፣ እንደ ሊጥ ለስልሶ ደሙ መጣ። ሆዷን አሸን፣ ጠብታውን ከፈትን፣ ከምላስ ሥር ሚሶፕሮስቶል የሚባለውን ማህፀን የሚያኮማትር ኪኒን ሰጠናት። ጠነከረ። አምቡላንሱ ሲደርስ እናትየዋ «ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» አለች፤ ቢሆንም ለክትትል ሄደች። ልጆቹ 2.4 እና 2.1 ኪሎ ነበሩ፣ ሁለቱም ደረቷ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ባናው ከላይ።

ከዚያ ወዲህ «መንታ ከሆነ ኦፕራሲዮን አይሻልም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፣ በ25 አገሮች 2,800 ያህል እናቶች የተካተቱበት። የመጀመሪያው ልጅ በጭንቅላቱ ከመጣ፣ አስቀድሞ የታቀደ ኦፕራሲዮን በምጥ ከመውለድ ይልቅ ለልጆቹ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ጥሩ ዜና ነው። ግን በጥናቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች የሠለጠነ እጅና ኦፕራሲዮን ክፍል ተዘጋጅቶላቸው ነው የወለዱት። የእኔ እናት የተዘጋጀላት ሲስተር፣ ስልክና ባና ነበር። ስለዚህ መንታ መሆኑ ከታወቀ ሆስፒታል ይወለድ፣ ቀኑ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ይገባ እላለሁ። ነገሩ ቀድሞ ማወቁ ላይ ነው።

«የመንታ እናት ተንጋላ ትሞት» ይባላል። ወደ አንዱ ዞራ ስታጠባ ሌላው ያለቅሳል፣ ስለዚህ በጀርባዋ እንደተንጋለለች ትኖራለች ነው ነገሩ። እሷም አምቡላንሱ ውስጥ እንደዚያው ተንጋልላ ነበር፣ በሁለቱም በኩል ተይዛ።

መኪናው ሳይነሳ አያቲቱ ወደ እኔ መጡ። እጄን ስመው ይመርቁኛል ብዬ ስጠብቅ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣

«ልጄ፣ እልል ልበል ወይስ ሌላ ቀርቷል?» አሉኝ።

«አልቋል እማማ። እልል ይበሉ።»

አላመኑኝም። «እስኪ ደግመሽ ዳብሺያት» አሉ።

አምቡላንሱ ላይ ወጣሁና ደግሜ ዳበስኳት።